ፀሐይ ያላየው ቦታ

«ለሚመለከተው ሁሉ። የዚህ ቤት መቀስ ከዛሬ ጀምሮ ለጨርቅ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ለጥፍር፣ ለጢም፣ ለካርቶንና ለጌጥ ወረቀት በውሰት እንደማይሰጥ በጥብቅ እናስታውቃለን።»

ይህ ማስታወቂያ ቅዳሜ ማለዳ በልብስ ሰፊው በር ላይ በአራት ስፒል ተወጥሮ ታየ። «እናስታውቃለን» የተባለው ለክብር ነው እንጂ፣ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ከልብስ ሰፊውና ከስፌት መኪናው በቀር ማስታወቂያ የሚያወጣ ሌላ አካል አልነበረም። ወረቀቱን የቆረጠውም በዚያው መቀስ ነው።

መቀሱ መከራውን ያየው ቡድኑ ዋንጫ ስለበላ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ። ከረቡዕ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ወይን ጠጅ ወረቀት እየቆራረጠ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ሲሰቅል ሰነበተ። ዛሬ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጫዋቾቹ በክፍት መኪና ሆነው በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

ልብስ ሰፊውን እንቅልፍ የነሳው ግን መቀሱ አልነበረም። የአምበሉ ብብት ነው።

አገር ምድሩ በቴሌቪዥን ዋንጫውን ሲያይ፣ እሱ ያየው ብብት ነው። አምበሉ ዋንጫውን በሁለት እጁ ወደ ላይ ሲያነሳ የቀኝ ብብቱ ስፌት ወለል ብሎ ታየ፦ በነጭ ክር፣ በትልልቅ እርምጃ፣ ጆንያ አፍ እንደሚዘጋ ሰው የተሰፋ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። አጠገቡ የነበሩት በደስታ ያለቀሰ መስሏቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

የሰፋው ማን እንደሆነ ያውቃል። የታላቅ እህቱ ባል የቡድኑ ትጥቅ ያዥ ነው፤ ማሊያ ሲያጥብና ሲያጣጥፍ፣ ኳስ ሲነፋ፣ የጠፋ ካልሲ ሲፈልግ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው። የተቀደደ ማሊያ ሁሉ ሰኞ ሰኞ በከረጢት ሆኖ ወደ ልብስ ሰፊው ይመጣ ነበር። ከአሥራ አራተኛው ሳምንት ወዲህ ግን ከረጢቱ ቀረ።

በዚያ ሳምንት ቡድኑ ለአምስተኛ ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎ ከሰንጠረዡ ግርጌ ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር። እሑድ ምሳ ላይ፣ በእህቱ ቤት፣ ልብስ ሰፊው ማንኪያውን ወደ አማቹ ቀስሮ፣ «ጋሼ፣ የተሸናፊ ካልሲ ሲያጥቡ መኖር አይሰለችዎትም? ልጆቹም ኳሱን፣ እርስዎም ካልሲውን ብትተዉት ምን ይጎድላል?» አለ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ልብስ ሰፊው ሁለቱም ደርሰውበታል።

ትጥቅ ያዡ አልተቆጣም። ማንኪያውን አስቀመጠ፣ አፉን ጠረገ፣ ለሚስቱ «ምሳው ጥሩ ነበር» አለና ኮቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ አንደኛው የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል፣ ሌላኛው ደመና ያያል። እህቱ በመካከል ሆና ሰላምታ ታመላልሳለች፤ አንዳንዴም ካንዳቸው ያልተላከ ሰላምታ ከራሷ አውጥታ ታደርሳለች።

ልብስ ሰፊው በዚያው እሑድ ቤቱ ገብቶ የገዛ ማሊያውን አርማ ተረተረው። የሰፈሩ ሰው ማሊያውን ከገበያ፣ ክቡን አርማ ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ይገዛና እሱ ዘንድ ያሰፋል፤ የሰፋ እጅ ደግሞ መተርተር አይከብደውም። ማሊያው እንዲጣል አልፈለገም፤ ጨርቁ ደህና ነው። አርማው የሌለው ማሊያ ሸሚዝ ነው፣ ሸሚዝ ደግሞ ማንንም አይደግፍም።

ብቸኛ ከሐዲ እኔ ነኝ ብሎ ሦስት ቀን አፍሮ ነበር። በአራተኛው ቀን ጡረተኛው መምህር መጡ። የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማሊያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው በሩን ከኋላቸው ገፋ አደረጉና፣ «አርማው ለጊዜው ዕረፍት ቢወስድ ብዬ ነው» አሉ። በማግሥቱ ዳቦ ጋጋሪው «የምድጃ ሙቀት ያበላሸዋል» ብሎ አመጣ። አሥር ዓመት ከዚያው ምድጃ ፊት ለብሶት ቆሞ ሙቀቱ ትዝ ብሎት አያውቅም። ከዚያ የሰፈሩ ሾፌር መጣ፤ ቅጽል ስሙ ትንቢት ነው፣ ከተነበየው አንድም ነገር ደርሶ ስለማያውቅ። እሱ እንኳ አልደበቀም። «ይወርዳሉ፤ ምልክት አድርገው» አለ። ልብስ ሰፊው ዋንጫው እንደሚመጣ ያን ጊዜውኑ ማወቅ ነበረበት።

የተተረተሩት አርማዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በአዝራር መካከል ተኙ። ልብስ ሰፊውም ለማንም ትንፍሽ አላለም። ልብስ ሰፊ ሲሠራ አፉ ስፒል ይሞላዋል፤ ምሥጢር ጠባቂነቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ቡድኑ በኋላ ምን እንደነካው እንጃ፣ ማሸነፍ ጀመረ። በሃያ ሰባተኛው ሳምንት መሪ ሲሆን፣ የልብስ ሰፊው በር እንደገና በየተራ ይንኳኳ ጀመር። ሁሉም ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«ሳጥበው ለቀቀብኝ» አሉ መምህሩ፣ በገዛ እጁ የተረተረውን ሰው ፊት ለፊት እያዩ።

«እም» አለ ልብስ ሰፊው፣ በስፒሎቹ መካከል።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ወይን ጠጅ ማሊያ ፀሐይና ሳሙና ሲበዛበት እየገረጣ የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። ከአርማው ሥር ያለው ቦታ ግን ፀሐይ ስላላየው እንደ መጀመሪያው ቀን ጥልቅ ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀራል። አርማው በሌለበት ሦስት ወር ደግሞ ጨርቁን ከላይ ደረት፣ ከታች ሆድ ሲጎትተው ያ ክብ ሰፋ። ልብስ ሰፊው የቱንም ያህል አስተካክሎ ቢሰፋ፣ በአርማው ጠርዝ አዲስ እንደወጣች ጨረቃ የቀጠነች ጥቁር መስመር ብቅ ትላለች። እሱ ያያታል። ሌላው ሰው አያያትም ብሎ ተስፋ አደረገ።

እህቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። ማስታወቂያውን አንብባ፣ ገብታ፣ መቀሱን አንስታ ከቀሚሷ ጫፍ የወጣ ክር ቆረጠችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ ሰዓት ከመሆኑ በፊት ይመጣል» አለች። «የአምበሉን ማሊያ ይዞ። በመስታወት ሳጥን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሊሰቀል ነው አሉ። ብብቱን ታስተካክላለህ።»

«ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያሉት?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ።»

«እትዬ፣ ምን ልበላቸው?»

«ተሳስቼ ነበር፣ በለው። ሁለት ቃል ናት። ላንተ ብዬ አላሳጠርኳትም፣ ድሮም አጭር ናት።»

«ሰው ፊት?»

«ካልሲውን ያነሳኸው በማን ፊት ነው? በልጆቼ ፊት። ዛሬ ካላልከው እኔ ከእንግዲህ ሰላምታ አላመላልስም። ጉልበቴም ደክሟል፣ ውሸቴም አልቋል።»

ልብስ ሰፊው ጠመኔውን አገላበጠ። «ያን የዝናብ ካፖርት አሁንም እንደለበሱ ናቸው?»

እህቱ ቀሚሷ ላይ ሌላ ክር ፈለገች። «እሱን አትጠይቀኝ» አለች።

የዝናብ ካፖርቱ ዝነኛ ነው። ከአራት ወር ወዲህ ትጥቅ ያዡ በየጨዋታው፣ ፀሐይ ድንጋይ በምትሰነጥቅበት ቀን እንኳ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ የዝናብ ካፖርት ለብሶ ነው በቴሌቪዥን የሚታየው። ትንቢት ነገሩን አጥንቶ የድሉ ምሥጢር ካፖርቱ ነው ብሎ ደመደመ። ካፖርቱ ከተለበሰ ወዲህ ሽንፈት የለም። መምህሩ አጉል እምነት ነው ብለው ተቃወሙ፤ ለመጨረሻው ጨዋታ ግን እሳቸውም የዝናብ ልብስ ለብሰው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ሞላ። የሚያልፈውን መኪና በደንብ ለማየት ከዚያ በር የተሻለ ቦታ የለም። መምህሩ ንግግር የጻፉበትን ወረቀት ይዘው በአንዲቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳቦ ጋጋሪው በጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀመጠ፣ ትንቢት የበሩን መቃን ተደገፈ። ሦስቱም ማሊያ ለብሰዋል፣ በሦስቱም ደረት ላይ የቀጠነች ጨረቃ አለች። ልብስ ሰፊውም የራሱን ለብሶ፣ እንዳይናገር ይመስል ስፒል በስፒል ላይ አፉ ውስጥ ይደረድራል።

«እኔ በአሥራ አራተኛው ሳምንት ምን አልኩ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ምን አልክ?» አለ ትንቢት።

«ሊጥ ነው አልኩ። ሊጥ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ በኋላ ነው የሚነሣው።»

«አላልክም።»

«በሆዴ ነው ያልኩት።»

«በሆድማ እኔም ሻምፒዮን ናቸው ብዬ ነበር» አለ ትንቢት። «በአፌ ይወርዳሉ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እኔ ያልኩት እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ቡድኑን ያዳንኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ እንኳ ትንሽ አሰቡበት።

በዚህ መሐል ትጥቅ ያዡ ደረሰ። ሁልጊዜ ከቡድኑ ቀድሞ መድረስ ሥራው ስለሆነ ዛሬም ከመኪናው ቀድሞ፣ በእግሩ፣ ከረጢቱን በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ። ከኋላው የልብስ ሰፊው እህት ናት። ወዲያው ሁሉም ብድግ አለ። ትንቢት የካፖርቱን እጅጌ፣ ሌላ ሰው ሳያየው፣ በጣቱ ነካ አደረገ።

ትጥቅ ያዡ ከረጢቱን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠ። «ብብቱ ነው» አለ፣ ለመኪናው።

መምህሩ ወረቀታቸውን ዘርግተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ፣ በክፉውም ሆነ በደጉ ቀን፣ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ያልተጠራጠርን፣ አርማችንን ከደረታችን ያልነጠልን ደጋፊዎች…»

እህቱ ወንድሟን አየችው። ልብስ ሰፊው እጁን ወደ አፉ ሰደደ። አንድ ስፒል አወጣና መርፌ መሰኪያው ላይ ሰካ። ሁለተኛ አወጣ። መምህሩ ንግግራቸውን አቁመው ይመለከቱት ጀመር። ስፒሎቹ ስድስት ነበሩ፤ ልብስ ሰፊው መቶ ቢሆኑ ደስ ባለው ነበር።

«ጋሼ» አለ፣ ስድስተኛውን ሰክቶ። «ተሳስቼ ነበር።»

ትጥቅ ያዡ ቀና አለ። «ስለ ስፌቱ?»

«ስለ ካልሲው። ስለ ልጆቹም፣ ስለ እርስዎም።» አንዴ ከተከፈተ አፉ አልዘጋ አለው። «በዚያው እሑድ የራሴን አርማ ተርትሬዋለሁ። ይኸው፣ ጠርዙን ይዩት። የሰፋሁት የዛሬ ወር ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ?» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «አንተ አርማ ተረተርክ?»

«ከማን ጋር ነው የኖርነው ጃል?» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለ ትንቢት።

ልብስ ሰፊው ሦስቱን በየተራ አያቸው። አርማዎቻቸው የከረሙበት የብስኩት ቆርቆሮ ክንዱ ሥር ነው። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ከመርፌ መሰኪያው ላይ አንድ ስፒል ነቀለና መልሶ አፉ ውስጥ ጨመረው።

ትጥቅ ያዡ የካፖርቱን የላይኛ ቁልፍ ፈታ።

«ተው፣ ተው፣ ጋሼ» አለ ትንቢት። «የሚቀጥለው ዓመት አለ።»

ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛውን ፈታ። ካፖርቱን አውልቆ ለሚስቱ አቀበላት። ከሥር የለበሰው የክለቡን ጃኬት ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቁትን፣ ዛሬ የሽንኩርት ልጣጭ የሆነውን። በደረቱ ላይ ጨረቃ አልነበረችም። ሙሉ ክብ ነበር፦ ጥልቅ ወይን ጠጅ፣ ፀሐይ ያላየው፣ ባዶ። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ጠርዙን አየው። በምላጭ የተፈታ ነው፤ የሙያው ሰው እንዲህ አይፈታም።

«አውቶቡስ ላይ ይሰድቡኝ ነበር» አለ ትጥቅ ያዡ። «አንዲት እናት፣ ደህና ሰው ትመስላለች፣ አርማዬን አይታ አጠገቤ አልቀመጥም አለች። በዚያው እሑድ ማታ ነው። አንተም ተናግረህ፣ እሷም ተናግራ፣ እኔም በልቤ ‹እውነት ቢሆንስ› ብዬ ፈታሁት።» ከጃኬቱ ኪስ ክቡን አርማ አወጣና ከአምበሉ ማሊያ ጎን አስቀመጠው። «ማሸነፍ ሲጀምሩ መልሼ እንዳልሰፋው፣ ስፌቴን አይተኸዋል። ላንተ እንዳላመጣው…»

«አዎ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ስለዚህ ካፖርት ለበስኩ።»

ትንቢት በደጃፉ ላይ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። አራት ወር ያጠናው ነገር ነበር።

ትጥቅ ያዡ ማሊያ በማየት ያረጀ ዓይን አለው። ዓይኑን ከልብስ ሰፊው ደረት አነሣና መምህሩ ደረት ላይ አሳረፈው። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው ላይ። ከዚያ ትንቢት ላይ። በየደረቱ ያለችውን ጨረቃ ረጋ ብሎ አየ።

«የእናንተስ መቼ ነው?» አለ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው።

የመምህሩ ቀኝ እጅ ወደ ደረታቸው ሄዶ አርማውን ሸፈነ። የዳቦ ጋጋሪውም ሄደ። ትንቢት ተነሥቶ የራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ወረቀቱ መሬት ላይ ወደቀ፤ ያነሣው የለም።

ወዲያው ውጭ ጥሩምባው ተነፋ። መኪናው የተሰቀሉትን ወረቀቶች በአናቱ እየገፋ መጥቶ በሩ አጠገብ ዝግ አለ። አምበሉ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ ጨዋ ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሰብረው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፈገግታው ጠፋ። ዋንጫውን ለበረኛው ሰጠና የራሱን እጅ ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። ከኋላው ያሉት ሁሉ እንደዚያው አደረጉ።

ሦስቱም እጃቸውን አንሥተው ሊያውለበልቡላቸው በጣም ፈልገው ነበር።