አክስቴ በሦስተኛው ዓምድ

አክስቴን ከብሔሯ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

የልብ ምስል በሚነሳበት ማዕከል መዝገብ ክፍል ነበር የምሠራው። ጥናቱ የሦስት ብሔረሰቦችን ልብ ያወዳድራል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት መቶ ሰው፣ ምርመራው በነጻ። ያሳደገችኝ አክስቴ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን መያዝ ከጀመረች ከርማለች። ላስመዘግባት ስል የእኛ ብሔር ዓምድ ሞልቷል። በሦስተኛው አራት ባዶ መስመር ቀርቶ ነበር፤ እዚያ ጻፍኳት።

«ቋንቋቸውን ቢጠይቁኝስ?» አለችኝ።

«ማሽኑ ቋንቋ አያውቅም፣ እትዬ።»

«በልጅነቴ ከነሱ እንዳታገቢ ብለው ሲያስፈራሩኝ ኖረው፣ ይኸው አንተ በስተርጅና ዳርከኝ።»

ማሽኑ ብረት አይወድም፤ ቀለበቷ አልወልቅ ብሎ በሳሙና አወለቅንላት። ከኋላው የሚታሰር ጋውን ለብሳ ገባች። ግድግዳውን የሚነቀንቅ የማሽኑ ድምፅ ለአርባ ደቂቃ ተሰማ። ስትወጣ «ልቤ እንዲህ ይጮሃል እንዴ?» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤዋ መጣ። የልብ ግድግዳ ውፍረት አሥራ ሦስት ሚሊሜትር፤ ለብሔረሰብዎ በተለመደው ልክ ውስጥ ነው፤ ይላል። መስታወቷ ጥግ ላይ ሰካችው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ታስነብባለች።

በዚያው ሳምንት ለአንዲት ልብስ ሰፊ ደብዳቤ ተየብኩ። ሴትየዋ ከእኛ ዓምድ ናት። አሥራ ሦስት ሚሊሜትር፤ ለብሔረሰብዎ ከተለመደው ልክ በላይ ነው፤ በአስቸኳይ ሆስፒታል ይቅረቡ። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለቱን ልቦች ጎን ለጎን አድርጌ በሐሳቤ ሳይ ቆየሁ፤ መለየት አቃተኝ። ከዚያ ተነስቼ ጥናቱን ለሚመራው ዶክተር ነገርኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «ስንት ሰው እንዲህ አድርገሃል?»

«አንድ። አክስቴን።»

«አንድ ብቻ? እርግጠኛ ነህ?»

ይህንን ሦስቴ ጠየቀኝ። ስለ አክስቴ አንዴም አልጠየቀኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ስሟን ሰርዞ አዲሱን ስሌት ጠበቀ፤ ከዚያ ትከሻው ወረደ። «ተመስገን፣ አማካዩ አልተነካም።»

«ዶክተር፣ የሦስተኛው ዓምድ ሰዎችስ ልባቸው ወፍራም ስለሆነ ጤነኛ ነው ማለት ነው?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እሱን ነው የምናጠናው» አለኝ።

አክስቴን ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለኝ።

ቤት ስደርስ አክስቴ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሥራህስ?»

«ተባረርኩ።»

«እኔም ከጥናቱ ተባረርኩ። አብረን ዋልን በለኛ።» አዲሱን ወረቀት አንዴ አይታ ፍራሹ ስር ከተተችው። መስታወቱ ላይ ያለውን ግን አልነካችውም። «ከኛዎቹ ጋር ስሆን በሽተኛ፣ ከነሱ ጋር ስሆን ጤነኛ። እዚያው ብትተወኝ ምን ነበረበት?»

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሂድ።»

«መሄድ ካማረህ አንተ ሂድ።»

የተኮሰችውን ልብስ ታቅፋ ወደ ላይኛው ክፍል መውጣት ጀመረች። አምስተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። የሸሚዙን ኮሌታ እንደምታስተካክል ሆነች፤ ኮሌታው ግን ደህና ነበር።

«ላግዝሽ» አልኳት ከታች።

«ምን ሆኜ?» አለች ሳትዞር፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ደህና ነሽ ተብዬ የለ?»