የወንጭፉ ድንጋይ

«እንግዲህ ምን ብየ ላልቅሰው?» አለች አልቃሿ ባንቺአየሁ፣ በለቅሶው ድንኳን ሙሾዋን አቋርጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ «ግንባር የወደቀው፣ ጠላት የጣለው» እያለች የኮኪትን ሰው ስታስለቅስ ነበር። ዛሬ በሠልስቱ፣ ከሟቹ ከምናለ ጋር በረራ ይማር የነበረው ደረበ ከገንዳ ውሃ ከተማ ባጃጅ ተኮናትሮ መጣ። ያየውን ሳይደብቅ ተናገረ።

«ግንባር አልደረስንም። ልምምድ ላይ ነበርን። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሳ አንዲት ወፍ ሞተሩ ውስጥ ገባች።»

«ወፍ?» አሉ አያ እንግዳው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ። «ያን የሚያህል ብረት ወፍ ትጥለዋለች?»

«ትጥላለች አባቴ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

የለቀስተኛው ዓይን ሁሉ ወደ አባትየው ወደ ፈረደ ዞረ። መርዶው ሲደርሰው ልጁን የገደለችው ወፍ መሆኗ ተነግሮት ነበር። ግንባር ነው ብሎ ያስወራው እሱ ራሱ ነው። ሰው ለክብሩ የዋሸ መሰለው። ምነው ለክብር በሆነ!

ምናለ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ እየዋለ ማሽላ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለው። ግሪሳው ወርዶ የዓመቱን ቀለብ አገዳ ብቻ አስቀረው። ፈረደ ልጁን በአለንጋ ገረፈው፤ እናቱ ጸዳለ መሃል ብትገባ እሷንም ገፈተራት። «ወፍ የሚያሸንፈው ወንድ አልወለድሁም!» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አየር ኃይል የገባ ዕለት ምናለ እየሳቀ፣ «አባባ፣ እንግዲህ ከወፍ በላይ ነኝ» አለው። አሥር ዓመት ያችን ቃል አልረሳትም ማለት ነው። ይቅርታ መጠየቅ ያን ጊዜ ነበር። ፈረደ ግን አብሮ ሳቀ።

«አስታወስሃት?» አለችው ጸዳለ፣ በሹክሹክታ። «ምነው ያን ቀን ምላስህን በቆረጠው!»

ፈረደ ተነስቶ ወጣ። ከቤቱ ጀርባ ማሽላው ሦስት ቀን ጠባቂ አጥቶ ግሪሳ ወሮታል። ፈረደ እሽ ብሎ አላባረረውም። ማማው ሥር ልጁ ሰብስቦት ከነበረው የወንጭፍ ድንጋይ ክምር አንዱን አነሳና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

«ወፍ ናት የገደለችው በይ» አላት አልቃሿን። «የረገምሁት እኔ ነኝ። እሱንም በይ።»

ከዚያ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ድንኳኑ ውስጥ በተሰቀለው የልጁ ፎቶ ፊት ተንበረከከ።

ሥርዓቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያነሳለታል። አያ እንግዳው ብድግ አሉ፤ ማንሳቱ የሟቹ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ ገባቸውና መልሰው ተቀመጡ። ጸዳለ እጇን ዘረጋች፣ ሰበሰበችው።

ፈረደ ድንጋዩ እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ደግፎ፣ አንገቱን እንደ ደፋ ጠበቀ።