ካቆመ አትንኪው

ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ስልኬ ጠራ። ሲቀላ ሰፈር ያለችው ፎቶኮፒ ቤቴ ውስጥ የአንድ አስተማሪ ፈተና እያባዛሁ ነበር። ወንድሜ አሮን የተሳፈረባት ባጃጅ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ስትወርድ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጣለች። የደወለው ሰው “ተጎድቷል” ነው ያለኝ። የጀመርኩትን ሠላሳ ቅጂ ጨርሼ ወጣሁ። ለምን እንደጨረስኩ አላውቅም። ሆስፒታል ስደርስ ሞቷል።

አሮን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የሚሠራው ነገር ለሰው ለማስረዳት አይመችም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያስነሳል። የውስጠኛው ዲስክ ያለው ይመስለዋል፤ የለውም፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው። አሮን ለዚያ ለሌለ ዲስክ የተበላሸ ጥያቄ ይልክለታል፤ ከመጨረሻህ በኋላ ያለውን አንብብ፣ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ነገር ጻፍ፣ እንዲህ ያለ። በሰከንድ ብዙ ሺህ። ደህና ዲስክ እምቢ ይላል። ጉድለት ያለበት ይወድቃል፤ የውስጠኛውም ኮምፒውተር አብሮት ይሞታል። አሮን የሚያድነው ያንን ጉድለት ነው።

አጎታችን ኦይታ ከጫኖ ሙዝ ይዞልን ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ ያያል።

“አንተ ልጅ፣ ዛሬም ያንን ምስኪን ትነዘንዘዋለህ?”

“እስኪያብድ ድረስ ነው ጋሼ።”

“ሚስት ብታገባ እንዲህ የምትነዘነዘው አንተ ነበርክ።”

ኅዳር ላይ ዲስኩ አንድ ጊዜ ወደቀ። አሮን ምን እንደጣለው ሳይመዘግብ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር አብሮ ጠፋ። የዲስኩን ፕሮግራም ለሚያዘጋጁት የውጭ አገር ሰዎች ጻፈላቸው። “ሞክረነው አልተደገመም” ብለው ለጥቆማው የከፈቱትን መዝገብ ዘጉት። እንደዚያ ሲናደድ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቹን የሚልከው የራሱ ፕሮግራም እያንዳንዱን ዙር ከመጀመሩ በፊት የዙሩን መነሻ ቁጥር ፋይል ላይ እንዲጽፍ አደረገው። ከአንድ ቁጥር ሁልጊዜ ያው የጥያቄ ሰልፍ ነው የሚወጣው።

“ቁጥሩን ያዝሽ ማለት ጥፋቱን ያዝሽ ማለት ነው፣ ሄሩ። አንድ ቀን ያቆማል። ካቆመ አገኘ ማለት ነው። ካቆመ አትንኪው።”

እኔ የተማርኩት እንዲህ አጠገቡ ተቀምጬ ነው። ሲሞት ፕሮግራሙ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ መዘምራኑ መጡ። እኔ አላለቀስኩም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬ ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ላፕቶፑን እንዴት እንደሚያጠፉት ስላላወቁ ጋቢ ደረቡበት። ለቅሶ ቤት የሚያበራ ነገር ነውር ነው።

ረቡዕ ዕለት ጋቢውን ሳነሳው ስክሪኑ ጨልሟል። በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሶ ሁለት ቀን። ዘወር ብዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ያልኳቸውን ሴት፣

“አንቺ ነሽ የገደልሽው” አልኳቸው።

ጋሼ ኦይታ ክንዴን ያዘኝ።

“ማንን ነው የምትዪው፣ ልጄ?”

“ኮምፒውተሩን።”

እትዬ ብርቅዬ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወጡ።

ድንኳኑ ፈረሰ። ሥራ ገባሁ። ላፕቶፑን ለሦስት ሳምንት አልከፈትኩትም። የሚያሳየኝ ምን እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ መሃል ላይ የተቆረጠ ሥራ። የከፈትኩት አንድ እሁድ ከቸርች መልስ ነው። ቻርጀሩ ከአሮን ዕቃ ጋር ሻንጣው ውስጥ ገብቷል፤ ሻንጣውን መበርበር ከብዶኝ ሌላ ቻርጀር ከፎቶኮፒ ቤት አመጣሁ።

ቁጥሮቹ የሚጻፉበት ፋይል መሃል ላይ አልተቆረጠም። የመጨረሻው መስመር ቁጥር ነበረው፣ ቀጥሎም “ወደቀ” ይላል። ሰዓቱ ሰኞ አምስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ነው። አሮን ከሞተ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖታል። ድንኳኑ ግን ገና አልተተከለም፤ ጋቢውም አልተደረበም። ማሽኑን በኋላ ያጠፋው ሙቀቱ ይሁን የመብራት መጥፋት አላውቅም። ፕሮግራሙ አግኝቶ ነበር፣ ቆሞ ነበር፣ ያየው ሰው አልነበረም።

ቁጥሩን አስገብቼ አስጀመርኩት። በአሥራ አራት ደቂቃ ወደቀ። ደገምኩት፣ ወደቀ። አምስት ጊዜ አየሁት።

በዚያው ከሰዓት እትዬ ብርቅዬ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ነበሩ።

“ኮምፒውተሩ ተሻለው?” አሉኝ።

“እርስዎ አልገደሉትም። ከዚያ በፊት ሥራውን ጨርሶ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ኧረ እኔስ ያንን ጋቢ አጥቤው እንኳ አልለበስኩትም። ግቢ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሻል።”

ገብቼ ተቀመጥኩ። ስለ አሮን አላወራንም። ጎመንና ቂጣ ሰጡኝ፣ በላሁ።

ማታውን የውጭ አገር ሰዎቹ በዘጉት መዝገብ ሥር ቁጥሩንና አካሄዱን ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን መለሱ። ተደግሞላቸዋል። ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ያገኘው ሰው ሙሉ ስም ማን ተብሎ ይጻፍ፣ ማስተካከያው ሲደርስ ራሱ ሊሞክረው ይችላል ወይ። ለአንደኛው “አሮን እንድሪያስ” ብዬ መለስኩ። ለሁለተኛው “እኔ እሞክረዋለሁ” አልኩ። ሌላ አልጻፍኩም።

ማስተካከያው ሚያዝያ 8 ቀን ወጣ፤ አራት መስመር ነው። በአሮን ቁጥር አስጀመርኩት። ዲስኩ እምቢ አለ፣ አልወደቀም።