በእርጥቡ የታሰረ ጠፍር

አይወጣም፣ ግራው አይወጣም፣ ቀኙን ሞከረ፣ ቀኙም ያው ነው፣ ጫማው ከፔዳሉ ጋር ተጣብቆ ይዞራል፣ ደብረ ወርቅን ካለፈ ወዲህ ያለው ዳገት ላይ ወርዶ በእጁ ሊገፋ አስቦ ነበር፣ ማን ያውርደው፣ ጠፍሩ ደርቋል። ጧት ቢቸና ላይ በያጁ ስማቸው ሳይክሉን ከግድግዳ አስደግፎ፣ ውኃ የጠገበውን ጠፍር በሁለቱም እግሩ ላይ ጠፍንጎ ሲገፋው እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ነበር፣ አሁን ፀሐይ መታውና ብረት ሆነ። አንተ ይታያል፣ አለ ራሱን። አንተ ጅል።

አባቱ አልጋ ሲጠፍሩ አላየም እንዴ፣ አይቷል፣ ጫፉን የያዘላቸው እሱ ራሱ ነው፣ በእርጥቡ ሳበው ልጄ፣ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል ይሉት ነበር፣ ያቺ አልጋ አምስት ልጅ ተወልዶባት ዛሬም አልላላችም፣ የማይላላ ነገር ፈልጎ ነበር፣ አገኘ፣ እግር አልጋ አለመሆኑን ማን ያስብ፣ አልጋ ከምንም ላይ አይወርድም፣ አልጋ ሽንቱ አይመጣም።

ደግሞ ይሄ ሳይክል እንደ ሰው ሳይክል አይደለም፣ መርገጥ ሲያቆሙ ብቻውን አይንሸራተትም፣ ጎማው እስከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፣ ፔዳሉ እስከዞረ እግርም፣ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፣ ፍሬንም የለውም፣ ፍሬኑ ጉልበት ነው፣ ወደ ኋላ መገተር ነው፣ ጠፍሩ ባይኖር ቁልቁለት ላይ እግሩ ከፔዳሉ ያመልጥና በምን ያቆመዋል፣ ስለዚህ ያሰረው ከጅልነት አይደለም። ትንሽ ከጅልነት ነው።

ይርገጥ ብቻ። ስድስት ሰዓት። ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ የሞጣዋ፣ የዳቦ ቤቷ፣ በስልክ ያሉት እንደዚያ ነው፣ ዳቦ ለየሱቁ የሚያደርስ ሰው እፈልጋለሁ፣ ሳይክል አለህ? አለኝ እትዬ። ደህና ነው? ደህና ነው ወይ ይሉኛል፣ ከቢቸና ሞጣ ድረስ በሱው ነው የምመጣው፣ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ። ሳቁ። ስድስት ሰዓት ካለፈ አትልፋ፣ ሌላ ልጅ አለ፣ እሱን እይዛለሁ። ምን አስወራው፣ አፉ ሁልጊዜ ከእግሩ ይቀድማል፣ ስምንተኛ ክፍልን ጥሎ የወጣ ቀንም አፉ ነው የቀደመው፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት፣ ከዚያ ባጃጅ ማጠብ፣ ከዚያ እህል በረንዳ ተሸካሚ፣ አባቱ ሲማረሩ አንተ መጀመር ታውቃለህ ይሉታል፣ መጨረስ ግን አልተፈጠረልህም። ዛሬ ይጨርሳል። ከነጠፍሩ ይጨርሳል።

ሲጀምረው የዛገ ብረት ነበር፣ ከቆራሌው ያነሳው፣ የኋላው ጥርስ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ባዶውን ይዞራል፣ ካቴናው ይስበዋል እንጂ ጎማው አይሰማም፣ አዲስ ለመግዛት ኪሱ አልደረሰም፣ ስማቸው በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ልበይደው በቃ አለ፣ እንደ ቲክቶኮቹ ይሆንልሃል፣ ፈረንጅ ፊክሲ ብሎ በሺህ ዶላር ይገዛዋል፣ አንተ በአንድ ኤሌክትሮድ። በየደው። በመጀመሪያው ቀን የገበያው ቁልቁለት ላይ ረስቶ እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ፔዳሉ እንደ በቅሎ አሽቀንጥሮ ወረወረው፣ ሽንኩርት ክምር ላይ፣ ባለ ሽንኩርቷ ሴትዮ ቆመው አዩት፣ ሽንኩርቴን ጨፍልቀህ ደግሞ አንተ ታለቅሳለህ? ከዚያ ወዲህ ግን አንድ በአንድ አሳመረው፣ መጀመሪያ ጎማ፣ ጎማው መሬት ካልያዘ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው፣ ከዚያ ካቴና፣ እዚህ ላይ የላላ ካቴና ሰው ይገድላል፣ ከዚያ የመሪው እጀታ ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ፣ ከዚያ የብረት ፔዳል። ስማቸው ፍሬን ይቅደም ብሎት ነበር። ፍሬን ለፈሪ ነው አለው። አለው አይደል፣ ይኸው።

ሚኒባስ ከኋላ ጡሩንባውን ነፋ፣ ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ጀለሴ ግባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን፣ ሳይክሏን ከላይ እንጭናታለን አለው። አቁሙልኝ ቢላቸው ይቆማሉ፣ ቢላዋ አይጠፋቸውም፣ ይቆርጡለታል፣ ይገላገላል፣ ከዚያስ፣ ከዚያ ያለ ጠፍር ከፊቱ ያለውን ቁልቁለት በምን ይወርዳል፣ ወይስ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሞጣ ይግባና በሳይክል መጣሁ ይበል፣ ሼም ነው፣ እጁን አወዛወዘ፣ ሂዱ፣ ሂዱ አቦ፣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሳቀ፣ ሄዱ። ቁርጭምጭሚቱ የሱ አይመስለውም።

ቁልቁለቱ መጣ። ገትር፣ ወደ ኋላ ገትር፣ ፔዳሉ ይጎትተዋል እሱ ይጎትተዋል፣ ጠፍሩ ያዘ፣ ቆዳውን ግጦ ያዘ፣ መንገዱ መሐል አህዮች፣ ጭነት፣ ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ፣ ዞር በሉ አባቴ! ቁም እንጂ አንተ! አይቆምም አባቴ፣ አይቆምም! አይቆምም ማለት ምን ማለት ነው፣ አህያ እንኳ ይቆማል! በአንዷ አህያ ጆሮና በሰውየው ዱላ መሐል አለፈ፣ ጭድ ሸተተው፣ አለፈ፣ ተርፏል፣ እግሩ አሁንም ይዞራል።

ሞጣ። ባጃጅ፣ ሰው፣ ባጃጅ፣ ዳቦ ቤቱ የቱ ነው፣ ያው ሰልፉ፣ በሩ ላይ ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ወፍራም ሴት፣ እሳቸው ናቸው፣ እትዬ ፈንታነሽ፣ እኔ ነኝ፣ የቢቸናው! አለፋቸው። ዞሮ መጣ። ስንት ሰዓት ነው? አምስት ከሃምሳ፣ ውረድ እንጂ፣ አሉ። አለፋቸው። እንደገና ዞረ፣ ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አብሮ ያዞራል፣ አልችልም እትዬ፣ ታስሬያለሁ፣ ያዙኝ! ሁለት ሰዎች ከሰልፉ ወጥተው በግራና በቀኝ ብብቱ ይዘው አንጠለጠሉት፣ ጎማው ቆመ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ የዳቦ ቢላዋቸውን ይዘው ወረዱና ተንበርክከው ገዘገዙት፣ ግራው ጧ፣ ቀኙ ጧ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ እግሩ ገና የሚዞር ይመስለዋል።

ሌላው ልጅ እሱን ያያል፣ በሩ ጥግ የቆመው፣ ንጹሕ ጫማ ያደረገው፣ ፍሬንም ደወልም ያለው ሳይክል የያዘው። ይየው። ቢያባርሩትም ደርሷል፣ ደርሷል እኮ፣ በመንገድ ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልጫነውም።

ወይዘሮ ፈንታነሽ የተቆረጠውን ጠፍር አነሱት፣ ሊያጥፉት ሞከሩ፣ አልታጠፈም፣ በድንጋይ መታ መታ አደረጉት፣ ወደ ሌላው ልጅ አዩ፣ ወደሱ አዩ፣ ወደ ደማው ቁርጭምጭሚቱ አዩ፣ ከዚያ ሽርጣቸውን አራገፉና ወደ ይታያል ዞረው፣ ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳቦው ይወጣል፣ የዳቦ ቅርጫቱንስ በምን ልታስረው ነው? አሉት።