የመመለሷ ማስረጃ

እህቴ በቁሜ እንደቀበረችኝ ያወቅሁት ከደብዳቤ ነው።

«አንብብልኝ ወንድም ጋሼ፣ ዓይኔ እንቢ አለኝ» ብላ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ምንም አልሆነም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያለ መነጽር ክር በመርፌ ታስገባለች። የፈራችው ማንበቡን ነው። አነበብኩላት። «ቪዛዎ ከማብቃቱ በፊት ተመልሰው እንደሚወጡ የሚያሳምን ምክንያት ስላላቀረቡ ጥያቄዎን አልተቀበልነውም» ይላል። ከጀርባው የሞላችው ፎርም ኮፒ ተያይዟል፤ ገለጥኩት። «አብሮዎት የሚኖር የቤተሰብ አባል» ለሚለው መልሷ «የለም» ነው። «በእርስዎ ድጋፍ የሚኖር ሰው» ለሚለውም «ማንም የለም»።

እኔስ? ስድስት ዓመት ሙሉ የምታጥበኝ፣ የምታገላብጠኝ፣ የምትሰድበኝና የምሰድባት ታላቅ ወንድሟ ምን ልባል ነው?

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ የት ሄጄ ነው?» አልኳት። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሻለሁ።

«ፎርም ሞዪው ነዋ!» አለች አንገቷን ደፍታ። «ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው። ‹ሸክም ያለበት ሰው አይወዱም፣ ነፃ ሴት መሆንሽን ይዩ› አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ ወንድም ጋሼ!»

ሸክም መባሌ አንጀቴን አሳረረው። ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላናደደኝ።

እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ጓደኞቼ በጠባዬ የተነሳ «ፍሬን የለሽ» ነበር የሚሉኝ። የጣለኝ ግን የቆመ መኪና ነው። ጎማ ስቀይር ክሪኩ ሸሸና ያ ሁሉ ብረት ወገቤ ላይ አረፈ። የት ይደርሳል የተባለ ወይፈን ልኳንዳ ቤት ተገኘ ማለት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት የእህቴን ፊት ነው። «እግሬ የት አለ?» አልኳት። «አለ፣ አለ፣ እኔም አለሁ» አለችኝ። ያን ቀን ያ ፊት ባይኖር ዛሬ ይህን የሚያወራችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ለሷ ግን ነግሬያት አላውቅም።

አሁን ደግሞ ሆስፒታል የምትተኛው የእህቴ ልጅ ናት። ያለቻት አንዲት ልጅ እሷ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ለትምህርት የሄደችበትን አገር ካርታ ላይ ስፈልገው ለካ በጣቴ ሸፍኜዋለሁ! እዚህ የራሱ ኤምባሲ እንኳ የለውም፤ ቪዛውን የሚሰጥለት ሌላ አገር ነው። አገሩ ትንሽ፣ ፎርሙ ትልቅ። እዚያ አከርካሪዋ አጠገብ ዕጢ ተገኘባት፤ ሐኪሞቹም ቀን ቆረጡ። ከተሳካ ትራመዳለች፣ ካልተሳካ እንደ እኔ ትሆናለች። ደብዳቤው በደረሰን ቀን ለቀዶ ጥገናው ሃያ ስድስት ቀን ነበር የቀረው።

እህቴ መቀሷን ይዛ ምንም ሳትቆርጥ ተቀምጣለች። ባሏ ሞቷል፣ ቤቱ የኪራይ ነው፣ መሬት የላት፣ ቅርስ የላት። ለመመለስ ምን ምክንያት አላት? አሰብኩት፣ አሰብኩትና ሳቄ መጣ።

«ቀጠሮ አስይዢ» አልኳት። «ማስረጃሽ እኔ ነኝ። እነሱ የሚፈልጉት ሸክም ነው፤ ተሸክመሽኝ ሂጂ።»

«አንተ? ከዚህ ግቢ ከወጣህ አራት ዓመትህ!»

እውነቷን ነው። መንገድ ላይ ሰው «አይ ምስኪን!» ሲለኝ ከመስማት ቤቴ ብበሰብስ ይሻለኛል። «አስይዢ ብዬሻለሁ» አልኳት።

ወረቀቱ ሁሉ እንደገና ተጀመረ። የልጅቷ የጥሪ ደብዳቤ፣ የሐኪሟ ደብዳቤ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የደርሶ መልስ ትኬት ቦታ ማስያዣ። ፎቶዋ ጆሮዋን ሸፍኗል ተብሎ ሁለቴ ተመለሰ። እሷ ስትሮጥ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ወረቀቱን በተራ በተራ እደረድራለሁ። በዚያ ሰሞን ለአንድ ነገር መጥቀሜ ነውና፣ ከኃጢአት አይቆጠርብኝና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ የደንበኛ ቀሚስ ልታደርስ ወጣች። ስልኩ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፣ ከልጅቷ። ሐኪም ያለው አዲስ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነካሁት።

«እማዬ፣ ያልኩሽን አስቢበት እንጂ» ትላለች፣ እያለቀሰች። «አንዴ ከገባሽ አትመለሽም። ጠበቃም ጠይቄያለሁ፣ መንገድ አለው ብሎኛል። ለጋሼ ሰው እንቀጥርለታለን። እኔ ማን አለኝ? ዕድሜሽን ሙሉ እሱን ስታገላብጪ ልትኖሪ ነው? ለሱ ግን አሁን አትንገሪው።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። ስልኩን እንደነበረ አስቀመጥኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እህቴ ስትመለስ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። «ሞቆኝ ነው» አልኳት። ስልኳን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ብዙ ቆየች። ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ብላ እንደመለሰችላት አላውቅም፤ አልጠየቅኋትምም።

የቀጠሮው ቀን ሁለት የኤምባሲው ዘበኞች ከነዊልቸሬ አንስተው ሰባት ደረጃ አወጡኝ። መፈተሻው ብረት ሲያይ ይጮኻል፣ ይጮኻል። «ጫማ ይወልቃል» አለኝ አንዱ። «አንተው አውልቀው፣ እኔ ጎንበስ ካልኩ ስድስት ዓመቴ» አልኩት።

ቪዛ ሰጪው ከመስታወት ጀርባ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ያልተቆጣ፣ ያልሳቀ ሰው። አጠገቡ አስተርጓሚዋ፣ ልጅ እግር ሴት ተቀምጣለች። ሁለቱን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ጣቱን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ አደረገ።

«በፊተኛው ወንድም የለም፤ በአሁኑ ወንድም አለ። ወንድሙ ከየት መጣ ይላል» አለች አስተርጓሚዋ።

እህቴ ላብ በላብ ሆነች። «ሰው አሳስቶኝ ነው… እኔ እኮ…» አቃታት።

«ሴትየዋ ውጭ ይጠብቁ ይላል።»

ብቻዬን ቀረሁ። ሰውየው የተከራየሁ ወንድም መስዬው ኖሮ ጥያቄውን አወረደብኝ። በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት? ጠዋት እንዴት ነው የምታነሳዎት? አልጋዎ ላይ ምን ታደርግልዎታለች? መልሱን ከእህቴ መልስ ጋር ሊያስተያየው ነው።

ተናገርኩ። ቁስል እንዳያወጣኝ በየሦስት ሰዓቱ እንደምታገላብጠኝ፣ ለዚህም ሰዓት ሞልታ እንደምትተኛ ተናገርኩ። «ሽንቴን የምትደፋው እሷ ናት» ስል አስተርጓሚዋ አፈረችና ዝም አለች። «ንገሪው የኔ ልጅ፣ ቃል በቃል ንገሪው» አልኳት። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው፣ በሴት ልጅ አፍ ሽንቱ ሲተረጎም!

ሰውየው መጻፉን አቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

«ልጇ እዚያ ናት፣ ታማለች። እርስዎ እዚህ ነዎት። ከሄደች በኋላ ትመለሳለች ብለው ያምናሉ ይላል።»

«የልጇን ድምፅ ሰምቻለሁ» ብል ነገሩ አለቀ። እህቴ በእጄ ትቀራለች፣ ማንም አይወስድብኝም። ያ ሐሳብ አልመጣብኝም ብዬ አልዋሻችሁም፤ መጣብኝ፤ አፌ ላይ ደረሰ። ግን ያቺ ልጅ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ ዓይኗን ገልጣ «እግሬ የት አለ?» ስትል ታየችኝ። አጠገቧ ሰው የለም።

በኬላ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኬላ ላይ የሚዋሽ ሹፌር ቃል አያበዛም። ምክንያት መደርደር ከጀመረ ያን ጊዜ ሸራው ይገለጣል።

«ትመለሳለች» አልኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ቪዛው ወጣ፤ ሃያ ቀን ብቻ። ከሱ ጋር አንድ ወረቀት አለ፦ በተመለሱ በሦስት ቀን ውስጥ ፓስፖርትዎን ይዘው ቀርበው ያስመዝግቡ ይላል። እህቴ ለጎረቤታችን፣ ጡረታ ለወጣው ድሬሰር፣ እንዴት እንደሚያገላብጠኝ ሦስት ቀን አስተማረችው። እሱ ደግሞ «ሴትዮ፣ እኔ አርባ ዓመት በሽተኛ አገላብጫለሁ» እያለ ይነጫነጫል።

ታክሲው በር ላይ ሲደርስ እንዲያስጠጉኝ አደረግሁ።

«ስሚ» አልኳት። «ለዚያ ሰውዬ ትመለሳለች ያልኩት ውሸቴን ነው። የልጅሽን ድምፅ ሰምቻለሁ። እዚያው ሁኚላት። እኔ አልሞትም፣ ክፉ ሰው አይሞትም።»

ፊቷ ልውጥ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። ሲስሙኝ የማይሰማኝ ቦታ ላይ! ታክሲው ውስጥ ገባች።

የቀዶ ጥገናው ቀን ደወለች። «የእግሯን ጣት አነቃነቀች! አነቃነቀች ወንድም ጋሼ!» ስትለኝ የጮህኩት ጩኸት ድሬሰሩን ሻይ አስደፋው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ግን ስልኳ እያጠረ መጣ። «ደህና ናት። በልተሃል? ተገላብጠሃል?» ትልና ትዘጋለች። ስለ መመለሻዋ እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ሃያኛው ቀን ደረሰ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በጠዋት ነው። ፊቴን ታጥቤ፣ ተላጭቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር አለፈ። ስልኳ ዝግ ነው።

«ዛሬ አልነበር እንዴ?» አለ ድሬሰሩ።

«ትመለሳለች» አልኩት። ቃል አላበዛሁም። እሱም ነገሩ ገብቶት ሰሃኑን ይዞ ወጣ። እኔ ሂጂ ብዬ፣ እኔው እዚያው ሁኚ ብዬ፣ እንደ ሕፃን ልጅ በሩን ሳይ ዋልኩ። ሰው የገዛ ቃሉ እንዲህ ይቆርጠዋል እንዴ!

ወደ አመሻሹ ላይ የግቢው በር ተንቋቋ። እህቴ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ስትሄድ የለበሰችው ካፖርት የለም፤ ለልጇ ትታዋለች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጮህኩባት። «ምን ልትሠሪ መጣሽ? ልጅሽ ገና ሳትራመድ!»

«አትጩህብኝ!» አለች፣ ከእኔ ብሳ። ሻንጣውን መሬት ላይ ጣለችው። «አንዷ አትሂጂ ትላለች፣ አንዱ አትምጪ ይላል! እኔን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ?»

እውነትም አልጠየቅናትም።

ፓስፖርቷን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ኤምባሲው ሄጄ ተሰልፌ ነው የዋልኩት። ተመዝግቤያለሁ። ብቀር ኖሮ አንተን ደግሜ አላይህም ነበር። ተመለስኩ፤ ሦስት ወር ቆይቼ እንደገና እጠይቃለሁ። ያኔ አንተን በደረጃ አላስጎትትህም። ማስረጃዬ ይኸው።» የመውጫ ማህተሙን በጣቷ መታችው።

ከዚያ ማሽኗ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ሁለት ቀን አላናገረችኝም» አለች። «ስወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ‹አጎቴን መረጥሽ› ነው ያለችኝ። እኔ መረጥኩ እንዴ ወንድም ጋሼ?» ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

«ስልኩን አምጪው» አልኳት።

«አታነሳም።»

«የእኔን ታነሳለች።»

ደጋግሞ ጠራ። ተነሳ። «ጋሼ ነኝ» አልኩ። አልዘጋችውም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ልቆጣት ነበር፣ ይቅርታም ልጠይቃት ነበር፣ ስለ ማህተሙም ስለ ሦስት ወሩም ላስረዳት ነበር። ሁሉንም ተውኩት።

«ትመለሳለች» አልኳት።

«መቼ?» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። እህቴ ዘላ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።