እጅ ወደ ኋላ፣ አፍ ዝም

ቢሮ ውስጥ ሁሉም «ሰዓሊዋ» ነው የሚላት፤ ድረ ገጾቹን የምትነድፈው እሷ ናትና። አንድ ቀን አለቃዋ ጠራትና «አዲስ ሠራተኞች ሊመጡ ነው፤ የዌብ ዲዛይንን ንድፈ ሐሳቡንም ተግባሩንም የሚያስተምሩ ደህና ደህና መጻሕፍት ፈልጊና መደርደሪያውን ሙዪልን» አላት። መደርደሪያው እስከዚያ ቀን የያዘው የተበላሸ ኪቦርድና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጃንጥላ ነበር።

መጽሐፍ መፈለግ ቀላል ይመስላል። ወይ ፍለጋ! አንዱ ባልደረባዋ «ይህን ያላነበበ ዲዛይነር ነኝ አይበል» ብሎ ያስገዛት መጽሐፍ፣ ግማሹ የሚያወራው ማንም ስለማይጠቀምበት ፕሮግራም ነው። ሌላው ሽፋኑ ያብለጨልጫል፣ ሲገልጡት የድረ ገጾች ሥዕል ብቻ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይሄኛውን ትወደዋለች። በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል፣ ሰፊ ባዶ ቦታ… ያምራል፣ ምን ይደረግ! የሰፈራቸውን የዓይን ክሊኒክ ገጽ የነደፈችውም እሱን እያየች ነው። ክሊኒኩ ደግሞ ከጥቂት ወራት ወዲህ ቀጠሮ የሚሰጠው በዚያ ገጽ ብቻ ሆኗል።

በመጨረሻ የሰው ምክር ሰለቻትና የራሷን ዘዴ አመጣች። ከየመጽሐፉ አንድ መልመጃ ቤቷ ወስዳ ትሠራለች፤ የረባት መደርደሪያ ይገባል፣ ያልረባት ወደ ሻጩ ይመለሳል።

ተራው የደረሰው አንድ ስስ መጽሐፍ ነበር። ሥዕል የለውም፣ ሽፋኑም ለዓይን አይሞላም። መልመጃው እንዲህ ይላል፦ «የሠራኸውን ገጽ ለሌላ ሰው ስጥ። አንድ ጉዳይ እንዲፈጽምበት ጠይቀው። ከዚያ እጅ ወደ ኋላ፣ አፍ ዝም። የሚልህን ተወው፤ ጣቱን እይ።»

ቤት ያለችው ደግሞ አክስቷ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምራ ያሳደገቻት። የአክስትየዋ ግራ ዓይን ከዳር እየጨለመ፣ ቀኙም መፍዘዝ ጀምሯል። «እትዬ፣ የዓይን ክሊኒኩ ቀጠሮሽ መቼ ነው?» በተባለች ቁጥር «ይዣለሁ አልኩሽ እኮ! ቀኑ ገና ነው፣ አትጨቅጭቂኝ» ትላለች። ልጅትም አመነቻት። ማን ያሳደገውን ልጅ ይዋሻል?

ቅዳሜ ከሰዓት የክሊኒኩን ገጽ ከፍታ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

«እትዬ፣ እስቲ ለሙከራ ያህል አንድ ቀጠሮ ያዢ።»

«አንዴ ይዤ የለም እንዴ?»

«ለቢሮ ሥራ ነው። እኔ አላግዝሽም፣ ዝም ብዬ አያለሁ።»

«እንግዲህ በስተርጅና ፈተና ልታስቀምጪኝ ነው!» ብላ ሳቀችና መነጽሯን አደረገች። «ኧረ እንዴት ያምራል! እጅሽ ይባረክ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ጣቷ መንገድ ጠፍቶበታል። የሐኪሙን ፎቶ ነካች፤ ምንም የለም። የክሊኒኩን ስም ነካች፤ ምንም። ፈዛዛው የቀጠሮ ቁልፍ ላይ አለፈች፣ ተመለሰች፣ ደግማ አለፈችው። ልጅት ምላሷን ነከሰች። «እሱ እኮ ነው!» ለማለት ምን ቀራት?

«ያምራል» አለች አክስቷ እንደገና፣ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ። «ምነው ዘጋሽኝ? አስቀየምኩሽ እንዴ?»

ልጅት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ የአክስቷን ጣት ታያለች። አክስትየዋ ግንባሯን ጠረገች፣ ታብሌቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች። ከዚያ ደፍታ አስቀመጠችው።

«አልያዝኩም» አለች።

«ምኑን?»

«ቀጠሮውን ነዋ! የሚያዝበትን ቦታ ስፈልግ ስፈልግ አጣሁት። ለጎረቤቱ ሁሉ ‹የኔ ልጅ የሠራችው ነው› እያልኩ ሳወራ ከርሜ፣ አሁን አልቻልኩበትም ብል ሰው ምን ይለኛል? አንቺስ ቅር አይልሽም?»

«እና በይሉኝታ ዓይንሽን ልታጪ?» ልጅት ጮኸች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ጮኻ ሳትጨርስ ታብሌቱን አነሳች። እንደ ፈዘዘ ዓይን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ገጹን አየችው። ቁልፉ የለም፤ ነጭ ሜዳ ብቻ። ንዴቷ ሁሉ ወደ ራሷ ዞረ፣ ያንን የሚያብለጨልጭ መጽሐፍ መቅደድ አማራት፤ ግን መጽሐፉ ምን አደረገ? ገጹን የሠራችው እሷ ናት። አክስቷ አለቀሰች፤ ልጅትም አብራት አለቀሰች።

ሰኞ ማለዳ ያለ ቀጠሮ ክሊኒኩ ሄደው፣ በር ላይ ለምነው ገቡ። ዶክተሩ በመሣሪያው አንዱን ዓይን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ተመልሶ የግራውን አየ።

«ቀኙን እናተርፈዋለን» አለ። «የግራው ግን ዘግይቷል። የጠፋው እይታ አይመለስም። እናቴ፣ እስካሁን የት ነበሩ?»

«ስንፍና ነው ዶክተር፣ የኔ ነገር እንዲህ ነው» አለች አክስቷ ፈጠን ብላ።

«አይደለም» አለች ልጅት። «የቀጠሮውን ገጽ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ለደከመ ዓይን አይታይም።»

ዶክተሩ ከመሣሪያው ቀና አለ። በተከፈተው በር ወደ ኮሪደሩ ተመለከተ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደሩት ወንበሮች ባዶ ናቸው፣ ጥግ ላይ ስልኩን የሚነካካ አንድ ወጣት ብቻ ተቀምጧል።

«እኛ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ገጹ ከመጣ ወዲህ ወረፋው ቀለለ ብለን ደስ ብሎን ነበር።»