በሰንበት የተከፈተ ግድግዳ

ግንበኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ ያኔ የሠራሁትን ጥፋት ሙያ የሌለው ሰው ሊሠራው እንደማይችል እንድታውቁልኝ ነው። ግላስጎው ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ድንጋይ ጠርቤአለሁ፣ ሲሚንቶ ለስኛለሁ፣ ቱንቢ ጥያለሁ። የአባቴ አክስት ሾናግ፣ ከባሕሩ ማዶ በሉዊስ ደሴት ላይ የሚኖሩበት ቤት ሊፈርስባቸው እንደሆነ ደብዳቤ ሲደርሰኝ «ድንጋይ አይደል እንዴ? ለዚህማ እኔ አለሁ» ብዬ መርከብ ተሳፈርኩ።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። ማካስኪል የሚባል የጤና ተቆጣጣሪ ከደሴቱ ከተማ ከስቶርኖዌይ መጣና ከአክስቴ አልጋ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰው። እርጥብ ነበር። ጭስ መውጫ የሌለውን ጣሪያ፣ ወለሉ መሃል የሚነደውን እሳት፣ ከቤቱ ታችኛው ጫፍ ቆማ የምታመሰኳውን ላም አንድ በአንድ ጻፈ። ከዚያ «እማማ፣ ጥር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ይህ ግድግዳ ደርቆ ካልጠበቀኝ ቤቱ ይፈርሳል፤ ለእርስዎም ከመንገዱ ማዶ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች አንዱ ይሰጥዎታል» አላቸው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

አክስቴ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ የተወለዱትም እዚያው ነው። በዚያ ቤት እሳት ጠፍቶ አያውቅም። ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል፣ ጠዋት ገልጠው ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀውን ማገዶ አፈር ይጨምሩበታል። እናታቸውም እንዲሁ፣ የእናታቸው አማትም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቆጥር ሰው የለም። ቤቱ ፈረሰ ማለት ያ እሳት ጠፋ ማለት ነው።

በጥቅምት፣ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ቀዩ ካሉም በሚሉት ሰው ጋሪ ጭኜ ደረስኩ። ካሉም ጎረቤታችን ነው። ቀዩ የተባለበት ጸጉሩ ከሸበተ ቆይቷል፤ ምላሱ ግን እንደ ወጣትነቱ ነው።

«እትዬ ሾናግ፣ ልጁ የቤትዎን ጥርስ ሊሞላልዎ መጣ!» ብሎ ገና ከደጅ ጮኸ።

አክስቴ ከረጢቱን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ሲሚንቶ ነው፣ አክስቴ። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሁሉ እደፍነዋለሁ። ነፋስ የለ፣ ዝናብ የለ።»

«ዝናቡ የገባው በክፍተቱ ነው ያለህ ማነው?»

«ታዲያ በየት ሊገባ ነው?»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉና ላሟን ሊያልቡ ሄዱ። አትሥራ አለማለታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

አራት ቀን ሠራሁ። የውጭውን ግድግዳ ከእግሩ እስከ ትከሻው ለሰንኩት፤ ውሃ ከመሬት እንዳይወጣ ብዬ እግሩን ይበልጥ አጠበቅሁት። ድንጋዮቹ ሁሉ ወደ ውጭ አዘንብለው ስለነበር «እነዚህ ሰዎች ቱንቢ አያውቁም ነበር» እያልኩ ካሉምን አሳቅሁበት። ሲያልቅ ቤቱ የከተማ ሕንጻ መሰለ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ግላስጎው ተመለስኩ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ተቆጣጣሪው ሐሙስ ሊመጣ እኔ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ደረስኩ። ደሴቱ ላይ ለወትሮው የማይበረታው ውርጭ አምስት ቀን ሙሉ መሬቱን አድርቆታል። አክስቴ አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀውታል። ግድግዳውን ስዳስሰው መዳፌ ውሃ ይዞ ተመለሰ። ከበፊቱ ብሶበታል።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል አንድ ትልቅ ነገር ጓ አለ፤ የተኛሁበት መሬት ነጠረ። ላሟ ጮኸች። ወጥቼ ሳይ፣ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ የውጭው ግድግዳ ከነሲሚንቶዬ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

«አስቀምጥ!» አሉኝ አክስቴ ከኋላዬ።

«አክስቴ፣ ሰውየው እኮ ሐሙስ ነው የሚመጣው! አራት ቀን ነው የቀረን!»

«ሦስት ነው የቀረህ። ዛሬ ሰንበት ነው። በዚህ ቤት በሰንበት ውሃ እንኳ አይቀዳም፤ እንኳን ድንጋይ ሊነሳ። አባትህ ቢሆን ይህን አይጠይቀኝም ነበር።»

ካሉም ጥቁር ልብሱን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ቆም አለ። «እህ ግንበኛው! ጥርሱ ወለቀ እንዴ?»

«ካሉም!» አሉት አክስቴ። «በሰንበት ማላገጥም ሥራ ነው።»

ከስብከት ስንመለስ ቀኑ ገና አላለቀም። መዶሻ መያዝ ክልክል፣ ማፏጨት ክልክል፣ የሚነበበው መጽሐፍ ደግሞ አንድ ብቻ። አክስቴ የአጃ ቂጣና ጨው ያለው ዓሣ ሰጡኝ። በርጩማዬን ይዤ ወጣሁና ካፖርቴን ተከናንቤ ከተናደው ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ድንጋይ ሳልነካ ድንጋይ ሳይ የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የገረመኝ ቤቱ አለመውደቁ ነው። ይህን ያህል ግድግዳ ተንዶ ከጣሪያው አንዲት ሣር አልወረደችም። ለካ ግድግዳው አንድ አይደለም፤ ሁለት ካብ ነው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ፣ በመሃላቸው አንድ ክንድ ሙሉ የተጠቀጠቀ አፈር። ጣሪያው የሚያርፈው በውስጠኛው ላይ ብቻ ነው። የውጭው ቢናድ ወደ ሜዳው ይናዳል እንጂ የተኛ ሰው አይነካም። ይህን ያሰበው ሰው ስሙን እንኳ መጻፍ የሚችል አይመስለኝም።

ከዚያ ደግሞ ድንጋዮቹን አየሁ፤ ያንን የሳቅሁበትን ማዘንበላቸውን። ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ከግድግዳው ውጭ አይፈስም፤ መሃል ሆዱ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ያውም ሆን ተብሎ። አፈሩ ይጠጣዋል። እርጥብ አፈር ደግሞ ነፋስ አያሳልፍም። የተረፈው ውሃ ባዘነበሉት ድንጋዮች ላይ እየተንሸራተተ በውጭው ካብ እግር በኩል ይወጣል። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ቤት ከዝናብ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። በዝናቡ ነው ነፋሱን የዘጋው። መውጫውን ደግሞ ከእግሩ አጥብቆ የደፈነው ማን ነው? የአሥራ አንድ ዓመቱ ባለሙያ። የተጠራቀመው ውሃ በረዶ ሲሆን የሚሄድበት ስላጣ ገፍቶ አወጣው።

ቀና ስል አንዲት በግ ግድግዳው አናት ላይ ቆማ ሣር ትግጣለች። የግድግዳውን አናት የሚሸፍነው የሣር ቆዳ እሷ በምትወጣበት በኩል ተገፎ አፈሩ ባዶውን ቀርቷል፤ ዝናቡም ከልኩ በላይ ይገባል። ልክ በአክስቴ አልጋ ትይዩ። በመስከረም የጎደለው ይህ ብቻ ነበር፤ የበርጩማ ያህል ስፋት ያለው የሣር ቁራጭ! በንዴት ሳቅሁ፤ ከሳቄ ጋር እንባ መጣብኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ በዚያ ብርድ ራሴን ገልጬ ተቀመጥኩ። በጌታ ፊት ጠዋት አውልቄው ነበር፤ ያኔ ግን ማንም ሳያዝዘኝ ነው ያወለቅሁት።

ሰኞ ሳይነጋ ካሉም አካፋ ይዞ መጣ። ቀልድ አልጀመረም፤ ተጨንቋል ማለት ነው። የተናደውን አፈር ስንጠርግ ከመሃሉ አንድ ነጭ ነገር ወጣ። አነሳሁት። የደረቀ ኖራ ነበር፣ የጣት ምልክት የታተመበት። ያለ ጭቃ በተካበ ግድግዳ ሆድ ውስጥ ኖራ ምን ይሠራል?

«አክስቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ተቀብለው በእጃቸው አገላበጡት። «የአባትህ ነው» አሉ። «በሃያ ዓመቱ ከስቶርኖዌይ ኖራ ገዝቶ መጣ። ነፋስ አያስገባም አለኝ። የእሱም በሁለተኛው ዓመት ተናደበት።»

«እና በጥቅምት ለምን አልነገሩኝም?»

«ለእሱ ነግሬው ነበር። ሰማኝ? ነገር በጆሮ አይገባችሁም እናንተ።»

«ቤቱ ቢፈርስብዎስ!»

«ባትነካውም ኖሮ እኔ ስሞት ይፈርስ ነበር» አሉና ኖራውን መለሱልኝ። «ሥራ።»

ሦስት ቀን ሠራን። ቱንቢዬን ከሻንጣዬ አላወጣሁም። እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ውጭ አዘንብዬ አስቀመጥኩ። አክስቴ በምርኩዛቸው እየመጡ ውሃ በኩባያ ያፈሱበታል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ከተመለሰ «አንሳው» ይላሉ፣ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ምንም ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ከቀረው ግድግዳ ላይም ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለፈልን አወጣነው። ረቡዕ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በአናቱ ላይ የሣር ቆዳውን አለበስነው። ከመዝጋታችን በፊት የአባቴን ኖራ ወደ ነበረበት መለስኩት። አጠገቡ ከሲሚንቶዬ አንድ ቁራሽ አስቀመጥኩ፣ በላዩ የመዳፌ ምልክት ያለበት። ካሉም አይቶ «ለልጅህ ቦታ ተው» አለኝ።

ሐሙስ ማካስኪል መጣ። ከአክስቴ ጋር ለአፍታ ተፋጠጡ፤ እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። ከዚያ መዳፉን ከአልጋው ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፈ። እሑድ ሙሉ ቀን በክፍቱ ያለፈው የውርጭ ነፋስ የውስጠኛውን ካብ እንዳደረቀው ተስፋ ከማድረግ በቀር ምንም አልነበረኝም። እጁን አንስቶ አየው፣ እንደገና አሳረፈው።

«ቀዝቃዛ ቢሆንም ደረቅ ነው» አለ። «እማማ፣ ቤትዎ አይፈርስም። ይኑሩበት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። በል አሁን ያን አዲሱን ቤት ጻፍልኝ።»

«አልገባኝም?»

«የቧንቧ ውሃ ያለውን። ጉልበቴ እኮ አልቋል፤ ሰማንያ ሁለት ዓመት ውሃ ተሸክሜአለሁ።»

ሰውየው እርሳሱን ይዞ ቀረ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ለምን እምቢ አሉኝ?»

«ቤቱ ግድግዳውን የሚያውቅ ሰው አልነበረውማ» አሉ፤ የእሳት ጉጠታቸውን ወደ እኔ ጠቆም አድርገው። «አሁን አለው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሻገሩ። ከዕቃቸው ሁሉ በፊት አንዲት የብረት ድስት አወጡና ከምድጃው መሃል ሁለት ፍም በጉጠት አንስተው ጨመሩባት። ጉጠቱን በእጄ አስያዙኝ።

«አክስቴ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ እኮ» አልኳቸው።

«ግባ፣ ማን ከለከለህ? እሳቱ ግን ማታ ማታ መዳፈን ይፈልጋል።»

ድስቷን አቅፈው መንገዱን ሲሻገሩ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ጥቂት ቆይቶ ከአዲሱ ቤት ጭስ ማውጫ የእኛው እሳት ጭስ ወጣ። እኔም ገብቼ አመዱን በፍሙ ላይ መለስኩ።

ግላስጎው ያለው አለቃዬ ሰኞ ጠዋት ይጠብቀኝ ነበር። ያ ሰኞ ካለፈ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ እሳቱን ሳዳፍን ትዝ ይለኛል፤ ይቅርታ ልጽፍለት እያልኩ ነው።